ታርማበር ትናንትም ታርማበር ነበር

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በሞተር ሳይክሌ እየተመለስኩ ነበር። ደብረ ሲናን አልፌ የታርማበርን ጥምዝምዝ ዳገት ጀምሬያለሁ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ነው። ጉሙ ከላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ከኋላዬ የታሰረው የክትባት አይስ ቦክስ ባዶውን ይንኳኳል። ከፊቴ አንድ ተሳቢ ጥቁር ጭሱን እየተፋብኝ በኤሊ እርምጃ ይወጣል። ልቀድመው ብዬ ነዳጅ ሰጠሁት።

ሞተሩ ተንተፋተፈ። ስቀንስለት ደህና ይሆናል፣ ስጨምርለት ይንተፋተፋል። ተሳቢውን መቅደሙ ቀርቶ ጭራሽ እሱ ራቀኝ። ሹፌሩ በስፖኪዮ እያየኝ ሳይስቅ አልቀረም። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ አልሄድም ያለች በቅሎ እንደሚለማመጥ ሰው እየተለማመጥኩት ዋሻው አፍ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስለሚለዝብ እንደምንም ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን የጀመረው ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያምሰኝ ከረመ።

ሞተሬ የህንድ ሥራ ነው፤ 150 ሲሲ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ካርቡራተር የሚሠራ። ማርኩን አልጠራም። ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ወደ ኋላ ላይ ታያላችሁ። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በግ ልከትብ የምሄድባቸው ቀበሌዎች ውስጥ ታክሲ የለም። ሞተሩ ቆመ ማለት እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

በማግስቱ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ሞተር ሲታመም ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው የተስማማበት ምርመራ "ከፍታው ነው" የሚል ነበር።

ነገሩ ውሸት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች እዚያ 86 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀነስበታል። በዚያ ላይ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ቆላ ላይ እንደ ፈረስ የሚጋልብ ሞተር ታርማበር ሲደርስ ቢያለከልክ አይገርምም።

ግን እኔ በዚያ ዳገት በወር ሁለት ሦስቴ እወጣለሁ። ታርማበር ትናንትም ታርማበር ነበር። ሞተሬ በፊት ይደክም ነበር እንጂ አይንተፋተፍም ነበር። ይህን ያህል አስቤያለሁ። ከዚህ አልፌ ባስብ ኖሮ የቤት ኪራዬን ግማሽ አተርፍ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጆንያ ዘርግቼ ካርቡራተሩን ፈታሁት። አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሁለቴ አይቻለሁ፤ ካቻቢቴ አለኝ፤ ፒንሳ አለኝ፤ የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ገዝቻለሁ። ከዚህ በላይ መካኒክ ምን አለው? ከታች ያለውን ኩባያ ከፍቼ ቤንዚኑን አፈር ላይ ደፋሁት። ቀዳዳውን ሁሉ በስፕሬይ አጠብኩ። ላዩ ላይ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ሥር ደግሞ እንደ ኮፍያ የተደፋ ስስ ጥቁር ጎማ። እሱንም አልማርኩትም፣ አርከፈከፍኩበት። ልገጥም ስል የጎማው ጠርዝ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባ አለኝ። ትንሽ ያበጠ ይመስላል። በአውራ ጣቴ ጠቅጥቄ ክዳኑን ጫንኩና ብሎኑን አጠበቅሁ።

አንድ ጊዜ ስረግጠው ተነሣ። ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ ማለቴ ነው፣ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ባለቤቴን ጠርቼ አሰማኋት። "ጎበዝ" አለችኝ፤ ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ሌላ ነበር።

አስፋልት ወጥቼ ነዳጅ ስሰጠው ባሰበት። አሁን ጭራሽ አይሮጥም። ስጠመዝዘው እህህ ብሎ እዚያው ይቀራል። እኔም ያው በሽታ ጸናበት ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ያሳፍራል። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ወሰድኩት፤ በሩቁ ሰምቶ "ቦቢና ነው" አለኝ። ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ገዛሁ። ያው ነው። ቀጥሎ "ሞተሩ ወርዶ ይከፈት" አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ጉልበት ይከዳል። ሳምንት አስብበታለሁ ብዬ እየገፋሁ ወጣሁ።

ጋሼ የሚባሉትን መካኒክ የጠቆመችኝ የቢሯችን ሻይ አፍይ ናት። ቤታቸው በቆርቆሮ የተሠራች ናት፤ በሯ ለአንድ ሞተር ብቻ ትበቃለች። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መነጽራቸው አንድ ጆሮው ላይ በሽቦ ተጠግኗል። ሞተሩን አስገባሁና ቆምኩ። መፍቻ አላነሡም። ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

"አይሠራም ጋሼ።"

"እየነዳኸው አይደል እንዴ የመጣኸው?"

"ማለቴ፣ ጉልበት የለውም።"

"እሱማ እኔም የለኝም። ምን ያደርጋል ነው የምልህ?"

ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አብሬው ከርሜ ምን እንደሚያደርግ መናገር አልቻልኩም። እሳቸው ጠበቁኝ። ከዚያ እንደ ፊደል አስተማሪ ቃል በቃል ይሰጡኝ ጀመር። ያስነጥሳል? ማለትም በካርቡራተሩ በኩል ወደ ኋላ ይተፋል? ያ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል ወይም ቫልቩ አይዘጋም። ይተኩሳል? ያ በማርሚታው፣ በጭስ መውጫው በኩል ነው፤ ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን እዚያ ሄዶ ይቀጣጠላል። ያነክሳል? እያንዳንዱን እርምጃ ሳይሆን አንዳንዱን ይዘላል? እንግዲያው እሳቱ ነው፣ ካንዴላ ወይም ቦቢና። ይጮኻል ግን አይሄድም? እሱ የሞተር በሽታ አይደለም፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ይጠማዋል? መጀመሪያ ደህና ሄዶ፣ ሄዶ፣ ቀስ እያለ ይሞታል? የታንኩ ክዳን መተንፈሻው ተደፍኖ ቤንዚኑ አልወርድም ብሎ ይሆናል። ክዳኑን ስትከፍት ፍስስ ካለና ከተነሣ እሱ ነው።

እኔ ለዚህ ሁሉ የነበረኝ ቃል "ችግር አለበት" ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ ሳላስብ አልቀረሁም። ገበሬ መጥቶ "በጌ ታመመችብኝ" ሲለኝ መርፌ አላወጣም። ታመነዥካለች? ታስላለች ወይስ ታስነጥሳለች? ስትተነፍስ ጎኗ ይርገበገባል? ከመቼ ጀምሮ ነው? እነዚህን ሳልጠይቅ የሚወጋ ባልደረባ ቢኖረኝ እታዘበዋለሁ። በሞተሬ ላይ ግን ያገኘሁትን መድኃኒት ሁሉ እየወጋሁ ሦስት ሳምንት ከረምኩ።

"በመጀመሪያው ቀን ይንተፋተፍ ነበር፣" አልኳቸው በመጨረሻ። "ታርማበር ላይ። አሁን ግን አይንተፋተፍም። አሁን... ይታነቃል።"

ጋሼ ቀና አሉ። "ሁለት በሽታ ነው እንግዲህ። አንዱን ይዘህ መጣህ፣ አንዱን ቤትህ ጨመርክበት። በየተራ ነው የምናየው።"

ከዚያ የሠሩትን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ነጭ ፕላስተር ቆርጠው አንዱን ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ፣ አንዱን ከጎኑ በማይንቀሳቀሰው በኩል ለጠፉ። በማይንቀሳቀሰው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመሩ። እጀታው ላይ ደግሞ አራት፦ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ። "እስከ ጠባሴ ሠፈር ሂድና ተመለስ። በአንድ ማርሽ፣ በየመስመሩ ላይ ቆም እያልክ። የት ላይ እንደሚታነቅ ብቻ ንገረኝ። ሌላ ነገር አትንገረኝ።"

ምክንያቱን ያስረዱኝ ስመለስ ነው። ካርቡራተር አንድ ዕቃ ቢመስልም በውስጡ የሚሠራው ክፍል እጅህ ባለበት ቦታ ይለያያል። እጀታው ዝግ እስከ ሩብ ሳይደርስ ሞተሩን የምታጠጣው የሚኒሞዋ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ዋናው ሥራ የመርፌዋ ነው። ከዚያ በላይ ትልቋ ቀዳዳ ትረከባለች። እሳት ከሆነ ግን የእጅህ ቦታ ብዙም አይገደውም፤ የጫንክበት ሸክምና የሞተሩ ሙቀት ነው የሚያስጨንቀው። ስለዚህ "የት ላይ?" ማለት "የትኛው ክፍል?" ማለት ነው። ለዚህች ትምህርት መሣሪያዋ ፕላስተር ናት።

እስከ ሩብ እንደ ውሃ ሄደ። ሩብን ሳልፍ ሞተ። ግማሽ ላይም ሦስት ሩብ ላይም ልዩነት የለም፤ እጀታውን የምጠመዝዘው ከምንም ጋር ያልታሰረ ይመስል ነበር። ጋሼ ሌላም አዘውኝ ስለነበር፣ በታነቀበት ሰዓት ቤንዚን የሚያበዛለትን ቾክ ትንሽ ሳብኩት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቾክ ሲሳብለት ይሻለዋል። የእኔ ባሰበት።

"ቤንዚን አልጠማውም። አየር ነው ያጣው፣" አሉኝ። ለማረጋገጥ አዲሱን ካንዴላዬን ነቀሉት። ሁለት ሳምንት ያልሞላው ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል። ደህና ሞተር ካንዴላው ማኪያቶ ይመስላል ይላሉ ጋሼ። የእኔ ከሰል ነበር።

የአየር ማስገቢያውን ጎማ አወለቁና የካርቡራተሩን አፍ እንድመለከት ጎትተው አስጠጉኝ። ይህ ካርቡራተር ሁለት በር አለው። አንዱን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እጀታውን ስጠመዝዝ ሽቦው ይስበዋል። ሁለተኛውን እጄ አይደርስበትም። ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ጥቁር በርሜል መሳይ ናት፤ ከላይዋ ያ እኔ ስፕሬይ ያርከፈከፍኩበት ስስ ጎማ ተያይዟል። ሞተሩ አየር ሲምግ ከጎማው በላይ ያለው ክፍል ይሳሳል። ከሥር ያለው የውጭ አየር ጎማውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎማው ተንሸራታቿን ይዟት ይነሣል። ሥሯ የተተከለችው መርፌም አብራ ትነሣና የቤንዚኑ ቀዳዳ ይሰፋል።

ለምን እንዲህ ተወሳሰበ? እኔም ጠይቄያለሁ። የሰው እጅ ችኩል ነው። ሁሉንም በሮች በእጅ ብትበረግዳቸው አየሩ በአንድ ጊዜ ይገባና ቤንዚኑ ሳይከተለው ሞተሩ ይደናቀፋል። ሁለተኛዋ በር ግን የምትከፈተው እኔ ስቸኩል ሳይሆን ሞተሩ ሲፈልግ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ ጆርጅ ኸርበርት ስኪነር የሚባል እንግሊዛዊ በኋላ ኤስ ዩ ተብሎ የታወቀውን ካርቡራተር ሲሠራ፣ ዛሬ ጎማው ባለበት ቦታ ያስገባው የቆዳ ወናፍ ነበር። ቤተሰቡ የጫማ ነጋዴ ነበር። እጁ ላይ ያለውን ተጠቀመ እንግዲህ።

ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው ነዳጅ ሰጡት። ተንሸራታቿ ዘላ መነሣት ሲገባት እዚያው ተንቀጠቀጠች። አጠፉትና በጣታቸው ወደ ላይ ገፍተው ለቀቋት። ጠብ አለች። "ደህናዋ እንዲህ አትወድቅም። እየተንፏቀቀች ነው የምትወርደው።" ክዳኑን ፈቱ፣ ጎማውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ያዙት።

ሁለት ነጥብ። መርፌ የወጋው የሚመስል፣ ፀሐይ የምታሾልቅባቸው። ጠርዙ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ መስመር፣ ልክ የአውራ ጣቴን ያህል።

ምንም አላሉኝም፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ስፕሬዩን ነገርኳቸው። "እሱ ብረት ያጥባል። ጎማ ይበላል፣" አሉ። "አብጦ አልገባ ሲልህ ማሳደር ነበረብህ። አንተ አፈንከው።" ጎማው ሲበሳ ከላይና ከታች ያለው አየር እኩል ይሆናል፤ የሚገፋው ነገር የለም፣ ተንሸራታቿም አትነሣም። ለዚህ ነው እስከ ሩብ ደህና የሆነው።

ቀጥለው ወደ መጀመሪያው በሽታ ሄዱ። "ካርቡራተሩን ስትፈታ ኩባያው ውስጥ የነበረውን ቤንዚን አየኸው?" አላየሁትም። አፈር ላይ ነው የደፋሁት። የቤንዚኑን መክፈቻ ከነቧንቧው ከታንኩ ነቀሉና የቀረውን ቤንዚን ድሮ ወይን የነበረበት ነጭ ጠርሙስ ውስጥ አንቆረቆሩት። መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። "ሻይ ጠጥተህ ና።"

ተመልሼ ስመጣ ቢጫው ቤንዚን ከላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ንጹሕ ውሃ ተኝቷል። ጠርሙሱን ሳዘነብለው በመሐላቸው ያለው መስመር ሳይሰበር አብሮ አዘነበለ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ሁሌም ታች ነው የሚተኛው፤ የታንኩ ቧንቧ ደግሞ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላል። ሜዳ ላይ ቧንቧው ውሃውን አይነካውም። ዳገት ሲሆን ውሃው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ቧንቧው አፍ ይደርሳል። በከፍታው ሳይሆን በማዘንበሉ ነበር ታርማበር የያዘኝ።

ያን ቀን ሸዋ ሮቢት ማደያ ላይ ቤንዚን አልነበረም። ከመንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጥ ልጅ ሁለት ፕላስቲክ ቀድቶልኛል። ሳያደርቀው ቀድቶበት ይሆናል። ደግሞ እኔም ሞተሬን ወንዝ ዳር ሳጥብ የታንኩ ክዳን ላይ በባልዲ እየደፋሁበት ኖሬያለሁ። ማንን እንደምወቅስ አላወቅኩም፣ ተውኩት።

ጎማው ለብቻው አይሸጥም፤ ከነተንሸራታቿ ነው። አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚያውቁት ሰው ጋ ደወሉ። ዕቃው በሁለተኛው ቀን በአውቶብስ ረዳት እጅ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። ለምን በካልሲ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሲገጥሙት አጠገባቸው ነበርኩ። የጎማውን ጠርዝ በጉድጓዱ ዙሪያ በትንሿ ጣታቸው እየዳሰሱ ያስቀምጡታል። የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። ድንገት "አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ" አሉኝ። "ወናፍ የምነፋው እኔ ነበርኩ። የፍየል ቆዳ ነው። አንድ ቀን ቆዳው ተበሳና ሳልነግራቸው ቀረሁ። ከሰሉ ይቀላል፣ ብረቱ ግን አይቀላም። አባቴ እሳቱን አላዩም፤ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው ሰሙ። ትንፋሹ ተለውጧል አሉኝ።"

ትንሽ ዝም አሉ።

"ጎረቤቱ ሁሉ ማረሻውን አባቴ ጋ ነው የሚያሾለው። ድግስ ሲኖር ግን ለእኛ ለብቻችን ነበር የሚቀዳልን።"

ምን እንደምል አላወቅኩም። እሳቸውም መልስ የጠበቁ አይመስሉም። እጃቸውን ዘረጉና "አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ" አሉ። አቀበልኳቸው።

ለሥራው የጠየቁኝ ገንዘብ የቦቢናውን ሩብ አይሞላም። ልጨምር ስል ተቆጡ። አሮጌውን ቦቢና መልሰው ገጠሙልኝና አዲሱን በእጄ ሰጡኝ፤ "ወደፊት ያስፈልግሃል፣ ያኔ ግን መጀመሪያ ጠይቀው" አሉ። ጠይቀው ያሉት ሞተሩን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ወርጄ ተመለስኩ። ማደያው ላይ ቤንዚን ነበር። ታርማበር ላይ ጉም ነበር፣ ተሳቢም ነበር፤ መቼም አይጠፋም። ግማሽ ላይ ይዤ ጠበቅሁ፣ መንገዱ ሲከፈት ሦስት ሩብ ድረስ ጠመዘዝኩት። ወዲያው አልዘለለም። አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆየ፣ ከዚያ ከሥሬ ተነሣ። ያቺን ትንፋሽ አሁን ሁልጊዜ እሰማታለሁ።

ፕላስተሩን እስካሁን አልላጥኩትም። ሦስቱ መስመሮች አሉ። የግማሿ ብቻ ጠፍታለች፣ አውራ ጣቴ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።